በባላጋራ መሳቢያ ውስጥ ያለ ማስረጃ፦ የዲስከቨሪ ሥርዓት ታሪክና የእኛ የፍትሐ ብሔር ክርክር

(በሕግ ትምህርት ክፍሉ የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



ገለጻዬን ከንድፈ ሐሳብ ሳይሆን ከአንዲት ባለጉዳይ ልጀምር። ከሃያ ዓመታት በፊት በአንድ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማእከል በበጎ ፈቃድ ሳገለግል፣ ባለቤታቸው በሕንፃ ግንባታ ላይ ሲሠሩ ከመወጣጫ ወድቀው የሞቱባቸው እናት ወደ እኔ መጡ። በእጃቸው የነበረው የጋብቻ ማስረጃ፣ የሞት ማስረጃና የሦስት ልጆች የልደት ካርድ ብቻ ነበር። ስለ አደጋው ግን አንድ ነገር ያውቁ ነበር። “በዚያች ማታ ኢንጂነሩ መጥተው ሠራተኛውን ሁሉ እየጠየቁ ሲጽፉ ነው ያመሹት። እባክህ ወንድሜ፣ ያ ወረቀት ይምጣልኝ” አሉኝ። እኔም በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ “በተከሳሽ እጅ የሚገኝ የአደጋ ሪፖርት” ብዬ ጻፍሁ። ተከሳሹ ድርጅት በሰጠው መልስ እንዲህ ያለ ሰነድ በእጁ እንደሌለ ገለጸ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው ሰነዱ መቼ እንደ ተጻፈ፣ ቁጥሩ ስንት እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ፈረመበት ጠየቁኝ። አንዱንም መመለስ አልቻልሁም። ከሠራተኞቹ መካከል ቀርቦ የሚመሰክር አላገኘንምና ክሱ በማስረጃ እጦት ውድቅ ሆነ። ሰነዱ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። የአንድ ሰው መብት የሚረጋገጥበት ማስረጃ በባላጋራው መሳቢያ ውስጥ ሲሆን፣ ሕግ መሳቢያውን ያስከፍታል ወይስ አያስከፍትም? እንግሊዞችና አሜሪካኖች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ዲስከቨሪ ይባላል። በአማርኛ “ማስረጃን የማስገለጥ ሥርዓት” ልንለው እንችላለን፤ ለአነጋገር እንዲቀል ግን እኔም የሕግ ሰው ሁሉ እንደሚለው ዲስከቨሪ እያልሁ እቀጥላለሁ።

የነገሩ ሥር የሚገኘው በእንግሊዝ የቻንስሪ ፍርድ ቤት ነው። በዚያ አገር የኮመን ሎው ፍርድ ቤቶች ለብዙ ዘመን አንድ እንግዳ ደንብ ነበራቸው፤ በጉዳዩ ጥቅም ያለው ሰው ምስክር መሆን አይችልም። ስለዚህ ከሳሽም ሆነ ተከሳሽ በገዛ ጉዳያቸው አይመሰክሩም ነበር። ምክንያቱ ጥቅም ያለው ሰው ይዋሻል የሚል ሥጋት ነው። ነገር ግን ስለ ጉዳዩ ከሁሉም በላይ የሚያውቁት እነርሱው ስለሆኑ፣ ፍርድ ቤቱ ዋናውን የእውቀት ምንጭ በገዛ እጁ ደፍኖት ነበር። ቻንስሪ ግን የርትዕ ፍርድ ቤት ነው፤ የሚናገረው ለሰው ኅሊና ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በኮመን ሎው ፍርድ ቤት እየተሟገተ ሳለ፣ ወደ ቻንስሪ ሄዶ ባላጋራው የሚያውቀውን በመሐላ በጽሑፍ እንዲመልስ፣ የያዘውንም ሰነድ እንዲያሳይ የሚጠይቅ የተለየ አቤቱታ ማቅረብ ይችል ነበር። በአንድ ጉዳይ ሁለት ፍርድ ቤት፣ ሁለት ወጪ፣ ሁለት ቀጠሮ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጠያቂው ሊያስገልጥ የሚችለው የራሱን ክርክር የሚደግፈውን ብቻ ነበር፤ ባላጋራው ለመከላከያው ያዘጋጀውን ማስረጃ አስቀድሞ ማየት አልተፈቀደለትም።

አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ይህን ሁሉ አፈራረሰው። እ.ኤ.አ. በ1851 በወጣው የማስረጃ ሕግ ተከራካሪዎች በራሳቸው ጉዳይ እንዲመሰክሩ ተፈቀደ። በ1854 የኮመን ሎው ፍርድ ቤቶች ራሳቸው ሰነድ የማስገለጥ ሥልጣን አገኙ፤ ከ1873 እስከ 1875 በወጡት የፍርድ ቤት ማሻሻያ ሕጎችም ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠቃለሉ። በ1882 ደግሞ የእንግሊዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ስለ ፔሩ ጓኖ፣ ማለትም ለማዳበሪያ ስለሚሸጥ የወፍ ኩስ ንግድ በተነሣ ክርክር፣ አንድ ሰፊ መለኪያ አወጣ። ሰነዱ ራሱ ማስረጃ ባይሆን እንኳ፣ ጠያቂውን ወደ ሌላ ማስረጃ ሊመራ ወደሚችል የምርመራ መንገድ የሚያስገባው ከሆነ ሊገለጥ ይገባል የሚል ነው። ይህ መለኪያ እንግሊዝን ከመቶ ዓመት በላይ ገዛ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ነው መጠኑን ያጠበበው፤ ስሙንም ጭምር ቀይሮታል።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ ዲስከቨሪ የዛሬ መልኩን ያገኘው እዚያ ነው። ነገሩ በተቃራኒው መጀመሩ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1848 በዴቪድ ደድሊ ፊልድ መሪነት የወጣው የኒው ዮርክ የሥነ ሥርዓት ሕግ የቻንስሪውን የማስገለጫ አቤቱታ ሠርዞ በምትኩ ባላጋራን የመመርመር ውሱን መብት ብቻ ተካ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም በኮመን ሎው ጉዳዮች እያንዳንዳቸው የሚገኙበትን ክፍለ ግዛት ሥነ ሥርዓት ይከተሉ ስለ ነበር፣ የአንድ ሰው ማስረጃ የማግኘት ዕድል የሚወሰነው ክሱን ባቀረበበት ከተማ ነበር። ጠበቆችም ይህን ይወዱት ነበር ማለት ይቻላል። ሙግት ማለት ማስረጃን ደብቆ ቆይቶ በችሎት ድንገት መምዘዝ ነበርና።

ኮንግሬስ በ1934 ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወጥ የሥነ ሥርዓት ደንብ የማውጣት ሥልጣን ሰጠ። አርቃቂው ኮሚቴ የዲስከቨሪን ክፍል የሰጠው ለሚቺጋን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ለኤድሰን ሰንደርላንድ ነበር። ሰንደርላንድ በየክፍለ ግዛቱና በእንግሊዝ ተበታትነው የነበሩትን መሣሪያዎች ሰብስቦ በአንድ ላይ አኖራቸው። በአንዱ ክፍለ ግዛት የጽሑፍ መጠይቅ ነበረ፤ በሌላው ከችሎት በፊት በመሐላ የሚሰጥ ቃል፤ በሌላው ሰነድ የማስቀረብ መብት፤ በሌላው የአካል ምርመራ። ሁሉንም በአንድነት ለማንኛውም ተከራካሪ የሰጠ አገር ግን አልነበረም። ደንቡ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 1938 ሥራ ላይ ዋለ። አንድ ፕሮፌሰር በአንድ ረቂቅ የአንድን አገር ሙግት እንዲህ ሲለውጥ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ተማሪዎቼ የሥነ ሥርዓት ሕግ ደረቅ ነው ባሉ ቁጥር የምነግራቸው ይህን ነው።

አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ክሱና መልሱ ከተለዋወጡ በኋላ የሁለቱ ወገን ጠበቆች ዳኛው በሌለበት፣ በየቢሯቸው፣ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። አንዱ ለሌላው የጽሑፍ መጠይቅ ይልካል፤ የሚመለሰው በመሐላ ነው። “ስለዚህ አደጋ የተጻፉ ሪፖርቶችን በሙሉ አቅርብ” ብሎ ሰነድ ይጠይቃል። ልብ በሉ፦ ሰነዱን በስምና በቁጥር መጥራት አይጠበቅበትም፤ ዓይነቱን መግለጽ ይበቃዋል። ምስክሮችንና ባላጋራውን ራሱን በቃል ጸሐፊ ፊት አስቀምጦ በመሐላ ይመረምራል። አንዱ አልመልስም ያለ እንደ ሆነ ብቻ ወደ ዳኛው ይኬዳል፤ ዳኛውም ያስገድዳል፤ እምቢተኛው ከጸና ከወጪ ኪሣራ ጀምሮ ክርክሩን እስከ መረታት የሚያደርስ ቅጣት አለ። ሥርዓቱ የሚሠራው በዚህ ቅጣት ፍርሃት ነው እንጂ በጠበቆች ቸርነት አይደለም።

እንግዲህ መሳቢያው ተከፈተ። ግን እስከ የት? ይህን የወሰነው አንድ የመርከብ አደጋ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1943 “ጄ. ኤም. ቴይለር” የምትባል ጎታች ጀልባ በፊላደልፊያ፣ በደላዌር ወንዝ ላይ፣ የአንድ ባቡር ድርጅትን ፉርጎ የሚጭን ተንሳፋፊ ስትጎትት ሰጠመች። ከዘጠኙ ሠራተኞች አምስቱ ሞቱ። በሦስተኛው ቀን የጀልባዋ ባለቤቶችና መድን ሰጪዎቻቸው ፎርተንባው የተባለ ጠበቃ ቀጠሩ። በማርች መጀመሪያ የመርከብ ተቆጣጣሪዎች በይፋ ባደረጉት ምርመራ ላይ የተረፉት አራቱ ሠራተኞች ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ፤ ቃላቸውም ተመዝግቦ ለማንም ክፍት ሆነ። በዚያው ወር መጨረሻ ግን ፎርተንባው አራቱን ለብቻቸው አነጋግሮ የተፈረመ ቃል ተቀበላቸው። ሌሎች ሰዎችንም ጠየቀ፤ የሰማውንም በማስታወሻው አኖረ።

ከሟቾቹ ቤተሰቦች አራቱ ያለ ክስ ተስማሙ። አምስተኛው ወገን፣ በሂክማን ስም የቀረበው፣ በኖቬምበር 1943 ከሰሰ። ከአንድ ዓመት በኋላ የከሳሹ ጠበቃ ለጀልባዋ ባለቤቶች 39 ጥያቄዎች ላከ። ሠላሳ ስምንተኛው ጥያቄ ነው ስሙን በታሪክ ያስቀረው። ከሠራተኞቹ ቃል ተቀብላችሁ እንደ ሆነ፣ በጽሑፍ ያለውን ግልባጩን አያይዙ፤ በቃል የሰማችሁትን ደግሞ ዝርዝሩን ጻፉ የሚል ነበር። ባለቤቶቹ ቃል መቀበላቸውን አመኑ፤ ይዘቱን ግን አንሰጥም አሉ፤ የጠበቃን የግል ፋይል በተዘዋዋሪ መንገድ ለማግኘት የተደረገ ሙከራ ነው ሲሉም ተከራከሩ። የዲስትሪክቱ ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም፤ ስጡ አለ። እምቢ ባሉ ጊዜ ደንበኞቹንም ጠበቃውንም ችሎት በመድፈር ጥፋተኛ ብሎ እስኪታዘዙ ድረስ እንዲታሰሩ ወሰነ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 1947 ተፈረደ።

ፍርዱን የጻፉት ዳኛ መርፊ ናቸው፤ ከሁለት አቅጣጫ ሊነበብ የሚገባው ጽሑፍ ነው። በአንድ በኩል ዲስከቨሪን ከማንም በፊት በሰፊው አጸኑት። የእንግሊዝና የአሜሪካ ጠበቆች ባላጋራቸው ብዙ ሰነድ በጠየቀ ቁጥር የሚወረውሩት አንድ ስድብ አለ፤ ምን እንደሚያወጣ ሳያውቅ ወንዝ ውስጥ መረብ የሚጥል ዓሣ አስጋሪ ነው ይሉታል። መርፊ ይህ ጩኸት ከእንግዲህ ማንንም ተከራካሪ ከመጠየቅ አያግደውም አሉ፤ ሁለቱም ወገን ስለ ፍሬ ነገሩ ያለውን እውቀት ሊጋራ ይገባል ብለው ደነገጉ። በሌላ በኩል ግን ሂክማንን አሸናፊ አላደረጉትም። ምክንያቱም ምስክሮቹ በሕይወት አሉ፤ በይፋ መስክረዋል፤ የከሳሹ ጠበቃ ራሱ ሄዶ ሊጠይቃቸው ይችላል። ጠበቃ ለሙግት ሲዘጋጅ ያሰበውና የጻፈው ለባላጋራው በር ክፍት ከሆነ፣ ከእንግዲህ ማንም ጠበቃ ምንም አይጽፍም ሲሉም አሰቡ። ሆኖም በሩን ፈጽመው አልቆለፉትም፤ ምስክሩ ሞቶ ወይም ጠፍቶ ማስረጃው በሌላ መንገድ የማይገኝ መሆኑን ያስረዳ ሰው የተፈረመውን ቃል ሊያገኝ ይችላል። የቃል ንግግሩ ማስታወሻ ግን የጠበቃው ሐሳብ የተቀላቀለበት ስለሆነ ከዚያም ይበልጥ ተጠበቀ። ዳኛ ጃክሰን በተለየ የድጋፍ አስተያየታቸው ነገሩን ይበልጥ አሾሉት፤ ሥርዓቱ የተሠራው አንድ ጠበቃ በባላጋራው አእምሮ ተበድሮ እንዲሟገት አይደለም የሚል መንፈስ አለው። መርሑ በ1970 በጽሑፍ ወደ ደንቡ ገባ።

ብዙዎቹ መጻሕፍት ሂክማንን ለጠበቃ የተሰጠ ከለላ አድርገው ብቻ ያስተምሩታል። እኔ በዚህ አልስማማም። የከለላው ስፋት የሚለካው ለሌላው ወገን ክፍት በሆነው መንገድ ነው። አራቱ መርከበኞች በይፋ ባይመሰክሩ ኖሮ፣ ወይም አሠሪያቸውን ፈርተው ዝም ቢሉ ኖሮ፣ ፍርዱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። እዚህ ላይ እነዚያ እናት ትዝ ይሉኛል። እርሳቸው ይፋ ምርመራ አልነበራቸውም፤ የሚያናግሯቸው ሠራተኞችም አልነበሩም።

ክፍት መሳቢያ ምን እንደሚያደርግ የትንባሆ ክሶችን ማየት ይበቃል። ሮዝ ሲፖሎን የተባሉ የኒው ጀርሲ ሴት በ1983 ሲጋራ አምራቾችን ከሰሱ፤ በዓመቱ በሳንባ ካንሰር ሞቱ። ጠበቆቻቸው በዲስከቨሪ የድርጅቶቹን የውስጥ ሰነዶች አገኙ፤ በ1988 ጁሪው ለባለቤታቸው 400,000 ዶላር ፈረደ። በሲጋራ ላይ በተነሣ ክስ አምራች ካሣ እንዲከፍል ሲፈረድበት ያ የመጀመሪያው ነበር። ፍርዱ በይግባኝ ተሽሮ ክሱም በ1992 ቀርቷል፤ ሰነዶቹ ግን አንዴ ወጥተዋል። የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በ1994 ያቀረበው ክስ ከዚህ ይልቃል። ግዛቲቱ በዚያ ሙግት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገጾችን አስወጣች፤ ጁሪው ሊመክር ሲል፣ ሜይ 8 ቀን 1998፣ ድርጅቶቹ ከስድስት ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማሙ፤ ሰነዶቹም ለሕዝብ ክፍት ሆኑ። ስለ ትንባሆ ኢንዱስትሪ ዛሬ የሚጻፈው ታሪክ በብዛት የተጻፈው ከእነዚያ ሣጥኖች ነው።

ዋጋውም ከባድ ነው። የሀብታም ድርጅት ጠበቃ ደካማውን ከሳሽ በጥያቄ ብዛት ሊያደክመው ይችላል፤ ከሳሹም ተከሳሹን በሰነድ ፍለጋ ወጪ አስጨንቆ ሊያስታርቀው ይችላል። ስለዚህ ደንቡ በየጊዜው ልጓም ተበጀለት። በ1993 የጽሑፍ ጥያቄዎች ቁጥር በ25፣ የሚመረመሩ ሰዎች ቁጥር በ10 ተወሰነ፤ መሠረታዊ መረጃዎችንም ሳይጠየቁ መስጠት ግዴታ ሆነ። በ2000 አንድን ሰው የመመርመሪያው ጊዜ በሰባት ሰዓት ተገደበ። ኢሜይል ሲመጣ መሳቢያው ወሰን አጣ፤ በኒው ዮርክ ዳኛ ሺራ ሺንድሊን በ2003 እና 2004 በዙቡሌክ ጉዳይ የሰጧቸው ትእዛዞች፣ ክስ እንደሚመጣ ያወቀ ድርጅት ኢሜይሎቹን ሳይደመስስ እንዲያቆይ ያለበትን ግዴታ አብራሩ። በ2006 የኤሌክትሮኒክ ሰነድ በደንቡ ገባ፤ በ2015 ደግሞ የሚጠየቀው ሁሉ ከጉዳዩ ክብደት ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ተደነገገ።

ወደ አገራችን ልመለስ። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በአብዛኛው የተቀዳው ከ1908ቱ የሕንድ ሕግ መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። የሕንዱ ሕግ ደግሞ ከእንግሊዙ የወረሰው፣ ስለ መጠይቅና ሰነድ ማስገለጥ ብቻ የሚናገር፣ ራሱን የቻለ ትእዛዝ 11 የሚባል ክፍል አለው። በእኛ ሕግ የዚያ ክፍል አቻ የለም። ዛፉን ስንተክል አንዱን ቅርንጫፍ ትተነዋል። የተውነው በስንፍና ነው ብዬ አላምንም። ዲስከቨሪ የሚንቀሳቀሰው በጠበቃ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ አብዛኛው ባለጉዳይ ያለ ጠበቃ የሚከራከር፣ ብዙውም ማንበብ የማይችል ነበር። መጠይቅ የሚልክ ከሌለ መጠይቅ የሚፈቅድ ድንጋጌ ምን ይሠራል? ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

በነገራችን ላይ የተደበቀን ነገር ማስገለጥ ለእኛ ባህል እንግዳ አይደለም። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የአካባቢውን ሰው ሁሉ ሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ የማያሰናብት ሸንጎ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ለወንጀል ነበር፤ የሚናገረውም መላው አገሬ ነው። በሁለት ሰዎች ሙግት ግን አንዱ ለሌላው ማስረጃ ሊሰጥ ይገባል የሚል ግዴታ በልማዳችንም የለም፤ በበላ ልበልሃ ዘመን ሙግት የአንደበትና የምስክር ጉዳይ ነበር።

ታዲያ የእኛ ሕግ ምን ይላል? አንቀጽ 223 ከሳሽ ከክሱ ጋር የሚያያይዘውን የማስረጃ ዝርዝር ሲደነግግ፣ ሰነዱ በእርሱ እጅ ካልሆነ በማን እጅ እንደሚገኝ እንዲገልጽ ያዛል። አንቀጽ 145 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ከሌላ ፍርድ ቤትም ሆነ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብና ሰነድ እንዲያስቀርብ ሥልጣን ይሰጠዋል። እንግዲህ ሕጋችን በሌላ ሰው እጅ ያለ ሰነድ መኖሩን ያውቃል፤ ማስቀረብም ይቻላል። ልዩነቱ ከሳሹ ያላየውን ሰነድ ለይቶ እንዲጠራ መጠበቁ ላይ ነው። አሜሪካዊው ከሳሽ “ምን ምን አለህ?” ብሎ ይጠይቃል፤ የእኛው “እንዲህ ያለ ነገር አለህ” ብሎ መናገር አለበት። የመጀመሪያው አለማወቁን ይዞ ይመጣል፤ ሁለተኛው ማወቁን ማስመስከር አለበት።

የአሜሪካውን ሥርዓት እንዳለ እናምጣ የሚል ሐሳብ የለኝም። በዶላር የማይቻለውን ወጪ በብር ለመሸከም መሞከር ይሆናል። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት ማስተማር በኋላም ደጋግሜ የምመለስበት አንድ ድንጋጌ አለ፤ አንቀጽ 241 ነው። ክስ በሚሰማበት የመጀመሪያ ቀን ዳኛው ተከራካሪዎቹን በቃል እየጠየቀ የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን እንዲለይ ያዛል። በችሎቶቻችን ይህ ምርመራ ብዙ ጊዜ “በክሱና በመልሱ እንጸናለን” በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል። ይሁንና ዳኛው በዚያ ቀን የድርጅቱን ወኪል “አደጋው በደረሰ ማታ በሥራው ቦታ የተገኘ ኃላፊ ነበረን? ሠራተኞችን ጠየቀን? የጠየቀውን በጽሑፍ አስፍሯልን? ጽሑፉ ዛሬ የት ነው?” ብሎ ቢመረምረው የሚከለክለው ነገር አላይም። እነዚህ አራት ጥያቄዎች ሂክማን በ39 ጥያቄዎች ከፈለገው ብዙም አይርቁም፤ ወጪያቸውም የአሥር ደቂቃ ነው።

በዚያ ቀን እኔ ለሴትዮዋ ቆሜ ሳለሁ ዳኛው እነዚህን እንዲጠይቁልኝ ማመልከት እችል ነበር። አላመለከትሁም፤ አንቀጹን ለፈተና አጥንቼዋለሁ፣ መሣሪያ መሆኑን ግን አላሰብሁትም ነበር። የድርጅቱ ወኪል ከእኔ ሁለት ክንድ ርቆ ቆሞ ነበር።

ለጥያቄ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ ላቁም። መድረኩ የእናንተ ነው።